እረኛን በሰንሰለት

ባለፈው ግንቦት፣ ድሬዳዋ እንደ ምጣድ በጋለችበት ሰሞን፣ ከዚራ ሰፈር የሚኖር አንድ ወዳጄ «ና ውሻዬን እይልኝ» ብሎ ጠራኝ። ስደርስ አንድ ጸጉር አስተካካይ ቶንዶሱን እያራገፈ ሲወጣ በር ላይ ተገጣጠምን። ግቢው ውስጥ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን፣ የሁለት በግ ሱፍ የሚያህል ጸጉር ተከምሯል። ከክምሩ አጠገብ በሁለት ሜትር ሰንሰለት የታሰረ የካውካሰስ ውሻ ሮዝ ቆዳውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ምላሱን ጎልጉሎ ያለከልካል። «ሙቀቱ እንዳይጎዳው ላጨሁት» አለኝ ወዳጄ፣ ጽድቅ እንደሠራ ሰው ደረቱን ነፍቶ።

አቦ! ውሻ እንደ እኔና እንደ አንተ ላብ በላብ ሆኖ አይቀዘቅዝም፤ ዋናው መላው ማለክለክ ነው። ያ ድርብርብ ጸጉር ለውርጭ ብቻ የተሰጠው ይመስልሃል? ፀሐይንም የሚመክትበት ጥላው ነበር። ጥላውን ገፈህ ሲሚንቶ ላይ አሰርኸው። የቀለም ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ሰንሰለቱ ከሚደርስበት አንድ ክንድ አልፎ ተቀምጧል። በእግሬ ገፋ አደረግሁለት። ባልዲው እስኪደርቅ ጠጣ፤ አንድም ጊዜ ቀና አላለም።

ይሄን ጉዳይ ለብቻዬ ብይዘው ደስ ባለኝ። ግን ወዳጄ ብቻውን አይደለም። ዛሬ ገንዘብ ያገኘ ሰው ሁሉ ፎቅ ይሠራል፣ አጥሩ ላይ የሽቦ እሾህ ይጠመጥማል፣ ከዚያ ከአዲስ አበባ «ካውካዥያን» ወይም «ካንጋል» የሚሉትን ቡችላ ያስመጣል። እናትና አባቱ ማን እንደሆኑ አይጠይቅም። ስንት ኪሎ እንደሚሆን ግን ይጠይቃል። ቡችላው ከመጣ በኋላ ያለውንም እናውቀዋለን፦ ጆሮውን በምላጭ ማስቆረጥ፣ ጨለማ ክፍል መዝጋት፣ ምግቡ ላይ ሚጥሚጣ መነስነስ። «ክፉ እንዲሆን ነው» ይሉሃል። ይህን የሚያደርጉት ልጆቻቸውን በፍቅር የሚያሳድጉ፣ ጾምና ሶላት የማያጓድሉ ሰዎች መሆናቸው ነው የሚያንገበግበኝ።

ወዳጄ «ዘበኛ ነው የገዛሁት» ብሎ ተከራከረኝ። የገዛኸው ግን እረኛ ነው።

ካንጋል ስሙን ያገኘው በቱርክ ሲቫስ ግዛት ካለው የካንጋል ወረዳ ነው። ፊቱና ጆሮው ጥቁር፣ ገላው የደረቀ ሣር መልክ ያለው፣ ወንዱ ከ50 እስከ 60 ኪሎ የሚመዝን ፍጥረት ነው። የካውካሰሱም፣ የፒሬኒስ ተራራ ነጩም ውሻ የሥራ ወንድሞቹ ናቸው። ሁላችንም የለመድነው ጀርመን ሼፐርድ በጎችን የሚነዳ፣ የጌታውን አፍና እጅ የሚያይ ውሻ ነው። እነዚህ ግን ማንንም አይነዱም። ቡችላ ሳሉ ከግልገል ጋር ይኖራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት አብሯቸው ያደገው ሁሉ መንጋቸው ይሆናል። ሌሊት ጌታቸው ተጠቅልሎ ሲያንኮራፋ ተኩላ ቢመጣ «ልነሣ ወይ?» ብለው አይጠይቁም። ራሳቸው ያዩታል፣ ራሳቸው ይመዝኑታል።

አመዛዘናቸውን ልብ በልልኝ። ውሻው መጀመሪያ ይጮኻል፤ «አይቼሃለሁ» ማለቱ ነው። ያልሰማ ከሆነ ሄዶ በመንጋውና በመጤው መካከል ይቆማል። አብዛኛው ጠላት እዚህ ላይ ይመለሳል። መንከስ የመጨረሻው ነው፣ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ። አሁን ይህን ውሻ በሁለት ሜትር ሰንሰለት እሰረው። ጩኸቱን «ዝም በል!» ብለህ በዱላ ነጠቅኸው። መካከል ገብቶ መቆሙንም፣ ማፈግፈጉንም ሰንሰለቱ ነጠቀው። ምን ቀረው? ጥርሱ። ከዚያ አንድ ቀን ጥርሱን ሲጠቀም «አበደ» ትላለህ።

የሚነከሰውስ ማነው? ሌባ ሲነከስ ሰምተህ ታውቃለህ? ሌባ ሰንሰለቱ የት ድረስ እንደሚደርስ ካንተ በላይ ያውቃል። የሚነከሰው የጀሪካን ውሃ ይዞ የገባው ልጅ፣ ቆሻሻ የምትሰበስበው ሴት፣ ኳስ ፍለጋ የመጣ የጎረቤት ሕፃን ነው። ከዚህኛው በፊት የነበረው የወዳጄ ውሻም ውሃ አመላላሹን ልጅ ባቱ ላይ ዘነጠለው። ልጁን በቡናና በጨው ሸኙት። በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ሲገባ! የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መመለሻ የለውም፤ ውሻውን በየዓመቱ ማስከተብ ግን ለአንድ በርጫ ጫት ከሚወጣው አይበልጥም። ልጁ በፈጣሪ ቸርነት ተረፈ። ውሻውን መርዝ አበሉት። በወሩ ሌላ ቡችላ መጣ፤ ያው ሰንሰለት፣ ያው ብረት።

እኔም አስሬያለሁ። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብኮንን ግብዝነት ነው።

በ1998 ቤታችን ከደቻቱ ዳር፣ ከአሸዋው ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ደቻቱን የማያውቅ አንባቢ ወንዝ ስንል ወንዝ እንዳይመስለው። ከዓመት እስከ ዓመት አሸዋ ነው፤ እንሻገርበታለን፣ ኳስ እንጫወትበታለን፣ ፍየል ይተኛበታል። ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ሲዘንብ ግን እዚህ ጠብ ሳይል ውሃው ይመጣል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ከቅዳሜ ወደ እሑድ፣ ውሻችን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይጮህ ነበር። ሰንሰለቱን ከቀፊራ ገበያ የገዛሁት እኔ ነበርኩ። አባቴ ሁለት ጊዜ ወጥቶ በከዘራ መታው። ጎርፉ ሸቶት ነው አልልም፤ ጅብ አይቶም ይሆናል። ያገራችን ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል፤ የኛው ግን ቀድሞ ነው የጮኸው። ውሃው ሲገባ በጎረቤት ግድግዳ በኩል ጣሪያ ላይ ወጣን። ሰንሰለቱን የፈታ አልነበረም፤ ማን ያስታውሳል? ጠዋት የታሰረበት ብረት ቆሟል፣ ሰንሰለቱ እንደተወጠረ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው አሸዋ ውስጥ ነው።

ያን ሌሊት በከተማችን ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ቤተሰብ እንዳለ የተጠረገበት አለ። ይህ ሁሉ ሰው ባለቀበት ስለ ውሻ ማውራት ነውር መስሎኝ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ዝም ብያለሁ። የተላጨውን ውሻ ሳይ ግን ዝም ማለቱም ነውር ሆነብኝ።

አሁን ቤቴ ያለው ጋሻ ይባላል፤ ካንጋል ነው፣ ምናልባትም በአያቱ በኩል ሌላ ነገር ገብቶበታል። በሦስት ወሩ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጋቢና፣ የሾፌሩ ረዳት እግር ሥር ተኝቶ መጣ። ባለፈው ዓመት ሰፈራችን በሚዞረው ቆራሌ ሚዛን ስናንጠለጥለው 57 ኪሎ ወጣ። ቆራሌው ሙስሊም ነው፤ መንጠቆውን ሰባት ጊዜ አጠበ፣ አንዱን በደቻቱ አሸዋ። ሳሙናውን እኔ ነኝ ያቀረብኩለት። ሰውየው ሕጉን ጠበቀ፣ ውሻዬንም አልናቀብኝም። ሰባት ጊዜ የሚያጥብ ጎረቤት በዱላ ከሚያሳብድ «ውሻ ወዳድ» ይሻለኛል።

ሰፈራችን ያሉት ሐጂ ደግሞ (እዚህ «ያሉት» ያልኩት ለእናንተ ስል ነው፤ ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ ፊት ለፊት «አንተ» ነው የምለው) ቡችላው የመጣ ቀን በራችን ላይ ቆሞ፣

«አንተ ልጅ፣ ከብት ለሚጠብቅ ውሻ ሸሪዓውም ፈቅዷል። ያንተ ከብት የታለ?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ውሻ የሚሸጡት ሰዎች ቢጠይቁ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። በሳምንቱ አራት ፍየል ገዛሁ። ሐጂ ሳቀ። «በቁርኣን ያሉት የዋሻው ሰዎችም ውሻ ነበራቸው፤ ደጃፍ ላይ ተኝቶ» አለና ሄደ።

ጋሻን ላሞካሽላችሁ አልመጣሁም። ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ ይቅርታ የጠየቅሁበትን በር ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው። «ና» ስትለው ቆም ብሎ ያስብበታል። ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትታገል «ጥቃት» ይመስለውና ሄዶ መካከል ይገተራል። ለእሱ ልጆቼና ፍየሎቹ አንድ መንጋ ናቸው፤ የጎረቤት ልጅ ደግሞ እስኪመዘን ድረስ እንግዳ ነው። ስለዚህ ልጆች ሲመጡ አጠገቡ ትልቅ ሰው አለ፤ ይህ በቤታችን የማይጣስ ሕግ ነው። በሬ ሁልጊዜ ይቆለፋል፣ አጥሬ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ አካሉ የጎልማሳ፣ ጭንቅላቱ የቡችላ ነበር፤ እማማን፣ የባለቤቴን እናት፣ በፍቅር ብዛት ከነነጠላቸው ዘርሯቸዋል። ይህን የማይችል ሰው አይግዛ። ለማስጠንቀቂያ ጩኸት እንደሆነ የሰፈር ውሻም ይበቃል፤ በሙቀቱም በርሃቡም ተፈትኖ ያለፈ ነው።

ሙቀቱን ምክንያት የምታደርጉ ደግሞ ናሚቢያን እዩ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የሚባለው ድርጅት የካንጋልን ዘመዶች፣ የአናቶሊያን ውሾች፣ ለፍየል አርቢዎች ሲያድል ኖሯል። ፍየሉ ካልተበላ አርቢው አቦሸማኔውን አይገድልም፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። (በኛ አቅጣጫ የአቦሸማኔ ግልገል በሶማሌላንድ በኩል ወደ ዓረብ አገር እየተሸጠ ስለሆነ ይህ ለኛም ሩቅ ወሬ አይደለም።) ያ ምድርም ሙቀት ያውቃል። ውሻው ግን ከፍየሎቹ ጋር ይውላል፤ ግራሩ ሥር ጥላ ሲዞር እሱም ይዞራል። ጥላን መከተል የሚችል ውሻና ጥላ ጥሎት የሚሄድ ውሻ ሙቀታቸው እንዴት አንድ ይሆናል?

ለወዳጄ ይህን ሁሉ ነገርኩት። «ብፈታው ሰው ይበላል» አለኝ። አሁንስ ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማረው ያንን ነው። ቢያንስ ከሲሚንቶው አንሣው፣ በሽቦ የታጠረ ሰፊ ቦታና ዳስ ሥራለት፣ ጸጉሩ ተመልሶ ይብቀል አልኩት። «አስብበታለሁ» አለ። ጊዜው የበርጫ ነበር፤ ፍራሽ ወደተነጠፈበት ቀዝቃዛ ክፍል ገባ።

ትናንት ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ከአሸዋው በኩል ጅብ ጮኸ። ጋሻ ተነሣ። ፍየሎቹ ያሉበትን በረት ዞረው፣ በልጆቹ መስኮት ሥር አለፈ፣ አንዴ ወደ ወንዙ ጮኸና የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ተኛ። ከማዶ፣ ከከዚራ በኩል፣ የተቆረጠ ድምፅ መለሰለት። ከዚያ የሰው ድምፅ፣ «ዝም በል!» ከዚያ ሰንሰለቱ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ተሰማኝ፤ ጥቂት ሄዶ ቆመ።