«አባቱን ተበቀለ» ማለት ምን ማለት ነው?

የውጭ አገር መጻሕፍትን ወደ አማርኛ ከሚመልሱት ወገኖች አንዳንዶቹ፥ መዝገበ ቃላት ከተያዘ ሰዋስው አያስፈልግም፤ አገባብ መማር የተማሪ ቤት ጣጣ ነው ሲሉ እንሰማቸዋለን። ይህ አሳብ የሚያስከትለው ጕዳት ቀላል አለመሆኑን በአንድ የላቲን ግሥ ለማስረዳት እንወዳለን።

ግሡ «ኡልኪስኮር» የሚለው ነው። መዝገበ ቃላት ቢገለጥ «እበቀላለሁ» የሚል ፍች ይገኝለታል፤ ፍቹም ትክክል ነው። ነገር ግን የግሡ መልክ የተደራጊ ሲሆን ምሥጢሩ የአድራጊ ነው። መልኩን ብቻ የተመለከተ ሰው ተበቃዩን በቀል የደረሰበት አድርጎ ይተረጕመዋል። ይህስ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር፤ «ተቀበለ»፣ «ተከተለ»፣ ራሱ «ተበቀለ» እንኳ በ«ተ» እየተነሡ ሥራውን የሚሠራውን ሰው ያመለክታሉና።

የባሰው አደጋ ያለው ከተሳቢው ላይ ነው። በላቲን የተገደለው አባትና የገደለው ጠላት ለዚህ ግሥ በአንድ ዐይነት ተሳቢ ይሆናሉ። «ፓትሬም ኡልቱስ ኤስት» ሲል ልጅ ስለ አባቱ መበቀሉን፥ «ኢኒሚኩም ኡልቱስ ኤስት» ሲል ደግሞ ጠላቱን መበቀሉን ይናገራል። ቃል በቃል የሚተረጕመው ሰው ግን ፊተኛውን «አባቱን ተበቀለ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ያን ጊዜ ሐዘንተኛው ልጅ የአባቱ ጠላት ሆኖ ይቀራል! አማርኛችን «ለአባቱ ተበቀለ»፣ «የአባቱን ደም መለሰ» የሚል መለያ ሳያጣ ይህን ስሕተት ምን አመጣው?

«አንባቢው ከታሪኩ ይረዳዋል» ብለው ይመልሱልን ይሆናል። ታሪኩን የሚነግረው ግን ይኸው ቃል ነው። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት በተገደለ ጊዜ፥ በልጅነት የተቀበለው ወራሹ፥ በኋላ አውግስጦስ የተባለው፥ ገዳዮቹን አሳደደ። በአንካራ ከተማ በድንጋይ ተቀርጾ በሚገኘው የሥራው ዝርዝር ውስጥ በዚሁ ግሥ ተጠቅሟል፤ ነገር ግን ተሳቢ ያደረገው አባቱንም ገዳዮቹንም ሳይሆን ወንጀላቸውን ነው፤ ይኸውም በሕጋዊ ፍርድ እንደ ተፈጸመ ይናገራል። «ገዳዮቹን ተበቀለ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ንጉሡ በጥንቃቄ የመረጠውን ተሳቢ ያጠፋል። «ወንጀሉን በሕግ ቀጣ» የሚለውም በግሡ ውስጥ ያለውን በቀል ይሸፍናል። ፍርዱ በተሰጠበት በዚያው በ43 ዓመት፥ እርሱና ሁለት ተባባሪዎቹ የሚገደሉትን ሰዎች ስም ዘርዝረው አውጥተዋል፤ በቄሣር ግድያ እጁን ያላገባው ኪኬሮም ከተገደሉት አንዱ ነበር። በ42 ዓመት በፊልጵስዩስ ጦርነት ተስሎ በ2 ዓመት ያስመረቀው መቅደስም «የተበቃዩ ማርስ» ይባላል። ሕግና ቂም በአንድ ግሥ ተጠልለው መኖራቸውን ያላየ አንባቢ በዚህ ሰው ላይ ምን ፍርድ ሊሰጥ ይችላል?

ነገሩ የሮማውያን ብቻ አይደለም። ቅጣት ከሕግ ይወጣል፤ በቀል ከቂም ይወለዳል። የበታቹን በቂም አባርሮ «ደንብ አስከበርሁ» ብሎ የሚጽፍ ሹም፥ ግሡን ለውጦ ሥራውን ሊሰውር ይሞክራል። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሣል ይዞ ስርቆት» ያሉት እንዲህ ላለው ነው። ማን ስለ ማን፥ በማን ላይ፥ በምን ሥልጣን እንደ ሠራ ለይቶ የሚያስነብብ ትምህርት ቢኖር አገባብ ነው።

ስለዚህ መምህራን አገባብን እንደ ትርፍ ትምህርት እንዳይቈጥሩት፥ ተርጓሚዎችም ፍቹን ካገኙ በኋላ ተሳቢውን ሳይመረምሩ ብዕር እንዳያነሡ አጥብቀን እናሳስባለን።