ወንዝ ተሻግሮ የሚጮኽ ድምፅ

በድንበር አጠገብ ተተክለው ወደ ጎረቤት አገር ያሰሙ የነበሩትን የጥንት የግል ራዲዮ ጣቢያዎች የነጻነት አርበኞች አድርጎ ማወደስ ልማድ ሆኗል። መንግሥት የከለከለውን ለሕዝብ አሰሙ ይባላል። ወጣቶች ሆይ፤ ከማጨብጨባችሁ በፊት የተከለከለው ነገር ምን እንደ ነበረ ጠይቁ።

ጆን ብሪንክሊ የሚባል አሜሪካዊ ነበረ። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይህ ሰው በካንሳስ ግዛት የወጠጤ ፍየል የዘር ፍሬ በወንዶች ገላ ውስጥ እየተከለ የጎልማሳነትን ኃይል እመልሳለሁ ይል ነበር፤ ዋጋውም 750 ዶላር ነው። በ1923 የራዲዮ ጣቢያ አቋቋመ። የሕመምተኞችን ደብዳቤ በራዲዮ እያነበበ፣ ፊታቸውን ሳያይ፣ ገላቸውን ሳይዳስስ፣ ይህን ቁጥር መድኃኒት ግዙ እያለ ያዝዛል፤ መድኃኒቱን ከሚሸጡትም ድርሻውን ይቀበላል። ከቢላዋው በኋላ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ በ1930 የሐኪምነቱንም የራዲዮውንም ፈቃድ ተነጠቀ።

አርበኛው ምን አደረገ? በ1931 ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ ማዶ፣ ቪያ አኩኛ በምትባል የሜክሲኮ ከተማ፣ ሌላ ጣቢያ ተከለ። የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች 50,000 ዋት ሲኖራቸው የእርሱ ኃይል ኋላ እስከ 500,000 ደረሰ። በ1934 የአሜሪካ ምክር ቤት በአገር ውስጥ የተነገረውን ያለ ፈቃድ በውጭ ጣቢያ በኩል መልሶ ማሰማትን ቢከለክል፣ እርሱ ንግግሩን በሸክላ እየቀረጸ ወንዙን አሻገረው።

ሜክሲኮ ለምን ፈቀደች ትሉኝ ይሆናል። አሜሪካና ካናዳ የአየሩን ሞገድ ለሁለት ተካፍለው ለእርስዋ ምንም አልተዉላትም ነበርና ተቀይማለች። በቅሬታዋ አልፈርድባትም። የምፈርደው የሰውን ቅሬታ መሸሸጊያ ባደረገው ላይ ነው።

ዘፈኑስ? የካርተር ቤተሰብን የመሰሉ ድንቅ ዘፋኞች በዚያ ጣቢያ ዘምረዋል፤ ማን ይክዳል? ነገር ግን ለወፍ ወጥመድ የሚበተነውም እህል ያው እህል ነው።

ድንበር መሻገር በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። በ1963 በአዲስ አበባ የተከፈተው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጣቢያ፣ ብሥራተ ወንጌል፣ የመንግሥት አልነበረም፤ ድምፁም ከአገራችን አልፎ እስከ እስያ ይሰማ ነበር። ግን በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ፣ በስሙ፣ በሩን ከፍቶ ሠራ እንጂ ከፈረደበት ዳኛ ሸሽቶ አልተተከለም። በ1977 ደርግ ወረሰው። እንግዲህ በግፍ ስለ ተዘጋ አፍ ማዘን የሚወድ ቢኖር ለዚህ ይዘን።

ብሪንክሊን አንድ የታወቀ ሐኪም አታላይ ብሎ ቢጽፍበት ስሜን አጠፋ ብሎ ከሰሰው፤ በ1939ም ተረታ። በ1941 ከሰረ፤ ጣቢያውንም ሜክሲኮ ዘጋችው፤ በማግሥቱ ዓመት ሞተ። የሚያወድሱት ሰዎች የአንቴናውን ቁመትና የድምፁን ርቀት ሲቆጥሩ ይውላሉ፤ በየገጠሩ ተቀምጠው ሕመማቸውን በደብዳቤ የጻፉለትን ምስኪኖች ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሲያነሡ አልሰማሁም።