«በአይጥ ተሞክሯል» ማለት የእርስዎን ጉበት ያድናል ማለት አይደለም!



«ዶክተር፣ ይሄ መድኃኒት እኮ በአይጥ ተሞክሮ ጉበት እንደሚያድን ተረጋግጧል» እያላችሁ የሻጮችን ማስታወቂያ የምትልኩልኝ ብዙ ናችሁ። አብዛኞቻችሁ ሄፓታይተስ ቢ አለባችሁ። በግልጽ ልናገር፤ ጥናቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ግን ጥናቱ ያላለውን እያስባለው ነው።

እንዴት? በእንዲህ ዓይነቶቹ ጥናቶች ለአይጦቹ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው ቫይረስ አይደለም። ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ወይም ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል ነው። ጉበታቸው ሲጎዳ ኤኤልቲ (ኤስጂፒቲ) የተባለው ፕሮቲን ከጉበት ሴሎች ወደ ደም ይወጣል። ቅጠሉን የወሰዱት አይጦች ኤኤልቲ ዝቅ ካለ «ጉበትን ይከላከላል» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቅጠሉ የሚሰጠው ከመርዙ በፊት ነው። ታዲያ መርዝን መከላከልና በደማችሁ ያለውን ቫይረስ ማጥፋት ምን አገናኛቸው?

ኤኤልቲ ራሱም ሙሉ ምስክር አይደለም። ጡንቻ ሲጎዳም ይጨምራል። ጉበቱ ጠባሳ ይዞ የጠጠረ ሰው ደግሞ ኤኤልቲው ኖርማል ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች እንደ ጂኤልዲኤች ያሉ የተሻሉ ጠቋሚ ፕሮቲኖችን በእንስሳትም በሰውም ደም ውስጥ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ለሳይንቲስቱ ያልበቃው መለኪያ ለሻጩ እንዴት በቃው?

አይጥም ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ፊያሉሪዲን የተባለ የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት ለ15 ሕሙማን ተሰጠ። ቀደም ሲል በእንስሳት ላይ ሲሞከር አደጋው አልታየም ነበር። የ7ቱ ሕሙማን ጉበት ሥራውን አቆመ። 5ቱ ሞቱ፤ 2ቱ በጉበት ንቅለ ተከላ ተረፉ። ይህ የሆነው መጠኑ በታወቀ መድኃኒት፣ በሐኪሞች ክትትል ሥር ነው። ምን እንደገባበት ሳይታወቅ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሸጠላችሁስ?

የእንስሳት ጥናት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የባህል መድኃኒትንም አልናቅሁም። የአይጥ ጥናት መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም ነው የምለው። ቀጥሎ ሻጭ ሲያገኛችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ተሞክሯል?»

እስከዚያው፦
✅ ክትትላችሁን አታቋርጡ። በሰው ላይ የተረጋገጡ እንደ ቴኖፎቪር ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ለማን እንደሚያስፈልጉ ሐኪም ይወስናል።
✅ የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ።
✅ ቅጠል ወስዳችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ። አትፈሩ፣ አንቆጣም።
✅ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ «የወፍ በሽታ ነው» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ለምትወዱት ሰው ሼር አድርጉለት። ጤናችሁ ይብዛ!