አገር ጎብኚ የውጭ ሰው ብቻ ነውን?

ለመሆኑ ከመካከላችን እንጦጦ ማርያም የደረሰ ስንቱ ነው? ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ካሜራውን አንግቶ፣ በሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወጥቶ፣ ደብሩንም ሙዚየሙንም ባንድ ቀን አይቶ ይመለሳል። እኛ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጠን «የት ይሄዳል፣ ነገ እናየዋለን» እንላለን። ነገ የሚሉት ነገር ደግሞ አያልቅም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ ደብር ነው። ይህን ዓመት ነገ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው እኛው ነን። ታዲያ ተማሪው እጁን አውጥቶ «ከተማው ለምን ከተራራው ወረደ?» ቢለን ምን ልንመልስ ነው? እላይ ቆሞ ብርዱን የቀመሰ፣ ቁልቁል የፍልውሃን ሜዳ ያየ ሰው ግማሹን መልስ አገኘ ማለት ነው። የቀረው ግማሽ ማገዶ ነው። ዛሬ ጋራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ያኔ አልነበረም፤ ኋላ ከውጭ መጥቶ የተተከለ ነው።

ከእንግዳው የምንለይበት ግን አለ። እሱ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲያጋጥሙት ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እኛ መንገድ እንልቀቅ፤ ሰላምታም እንስጥ። ሸክሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ በስንት እንደሚሸጥ እንጠይቅ። ይህም ትምህርት ነው።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ እንመድብ። ደብተር፣ እርሳስና ጥቂት ቆሎ ይበቃል። መምህሮቻችን ቢመሩን ደግሞ እሰየው! ነገ በየቦታው ስንመደብ ልጆቹን የገዛ ቀያቸውን አስጎብኝተን የምናስተምረው፣ ዛሬ እኛ የራሳችንን ካየን ነው እንላለን።