እንግሊዝኛ ያልቻለ ልጅ ሒሳብ አይችልም ያለው ማነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ ስድስተኛ ክፍል ጨርሶ ወደ ኬንያው ሞያሌ የተሻገረ ልጅ ምን እንደሚገጥመው የከተማው ሰው ያውቃል። መዝጋቢው አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ያስነብበዋል፤ ልጁ ይንተባተባል። አራተኛ ክፍል ይገባል፤ ያልቀናው ሦስተኛ ይወርዳል። ወላጁ ቅር አይለውም፤ እንዲያውም «መሠረቱ ይጠንክርለት» ብሎ አመስግኖ ዩኒፎርም ሊገዛ ይሄዳል። ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ በሒሳብ አንደኛ ይወጣና ቤቱ በደስታ ይሞላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ደስታ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተማረውን ክፍልፋይ እንደገና የሠራ ልጅ አንደኛ ባይወጣ ነበር የሚገርመው። ሰርተፊኬቱ የሚመሰክረው ልጁ ያለቦታው መቀመጡን ነው፤ እኛ ግን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን።

ኪሳራው በክፍል ዝቅ ማለት ብቻ አያበቃም። የኢትዮጵያ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው፤ የኬንያው በ6። የኢትዮጵያ ትምህርት ሰኔ ላይ ያበቃል፤ የኬንያው በጃንዋሪ ይጀምራል፤ መሀል ላይ ግማሽ ዓመት ያህል ይባክናል። በዚህ ላይ ሁለት ክፍል ሲወርድ የ13 ዓመት ልጅ ከ9 እና ከ10 ዓመት ሕፃናት ጋር አንድ ዴስክ ይጋራል።

ከሰዓት በኋላ ያንኑ ልጅ እናቱ ሱቅ ውስጥ እዩት። የጭነት መኪና ሹፌር ሳሙናና ስኳር በሺሊንግ ይገዛል፤ መልሱን ግን በብር ይፈልጋል። ልጁ የዕለቱን ምንዛሪ ያውቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የትናንቱ ዋጋ ለዛሬ ላይሠራ እንደሚችልም ያውቃል። ያባዛል፣ ይቀንሳል፤ ሹፌሩ በስዋሂሊ ሲከራከረው በስዋሂሊ ይመልስለታል፤ ዞር ብሎ ለእናቱ በኦሮምኛ ይነግራታል፤ ጎረቤት ያለውን የቡርጂ ነጋዴ ደግሞ በአማርኛ ዝርዝር ይጠይቀዋል። ሰዓት እንኳ የሚቆጥረው በሁለት መንገድ ነው። ስዋሂሊ እንደ አማርኛ ከንጋት ይጀምራል፤ የትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ስድስት ይጨምርበታል። ይህ ልጅ በማግስቱ ጠዋት 48ን ለ6 አካፍል ይባላል።

ወዲያው ይጨርስና አጠገቡ ያለውን ልጅ ይነካካል፣ እርሳስ ይደብቃል፣ ያፏጫል። ካርዱ ላይ «ይረብሻል» ተብሎ ይጻፍበታል። ሴት ልጅ ከሆነች ብዙ ጊዜ አትረብሽም፤ ስለዚህ ማንም አያያትም። ሥራዋን ጨርሳ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ መምህሩ ሞኒተር ያደርጋታል፤ የዓመቱ ትምህርቷ የሚያወሩ ልጆችን ስም መመዝገብ ይሆናል። ይህንንም እንደ ሹመት ቆጥረን እናወራዋለን!

የደበረው ሁሉ ሊቅ ነው እያልኩ አይደለም። ቁርሱን ያልበላ ልጅም መስኮት መስኮቱን ያያል። ነገር ግን ሳያጠና ሁልጊዜ ሙሉ የሚያገኝ፣ መጠየቅ ያቆመ፣ ቀላሉን በግዴለሽነት እየሳተ ከባዱ ሲመጣ ግን ቀና ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ሥራው አንሶታል። ይህን ያየ ወላጅ ለትምህርት ቤቱ ሲናገር የሚያገኘው መልስ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሃያ የነበረው የማካፈል ጥያቄ አርባ ይሆንለታል። ፈጥኖ ለሠራ ልጅ ያንኑ ሥራ እጥፍ መስጠት ቅጣት ነው። ልጁም ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀስ ብሎ መሥራትን ይለምዳል።

የሚገርመኝ ሞያሌ ከዚህ የተሻለውን መንገድ ማወቋ ነው። ያው ልጅ ዱግሲ፣ ማለትም ቁርኣን ቤት፣ ሲሄድ የራሱን የእንጨት ሰሌዳ ይይዛል። የያዘውን ሱራ ካጠና ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ እኩዮችህ እስኪደርሱብህ ጠብቅ የሚለው የለም። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ጉባኤ ቃና የሞላለት ተማሪ ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፣ ዕድሜውን የሚቆጥርበት የለም። በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ቢሆን አባቶቻችን «ደብል መታ» እያሉ የሚያወሩለት፣ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል የሚያልፍ ተማሪ ነበር። ዛሬ ወደ ታች ሁለት ክፍል መዝለል ቀላል ሆኖ ወደ ላይ አንዱን መዝለል እንደ ድፍረት ይቆጠራል።

ሕጉም ቢሆን ለዚህ ልምድ ምክንያት አይሆነውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኬንያ መሠረታዊ የትምህርት ሕግ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ሲል ከአካል ጉዳተኞች ጋር ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውንም ልጆች ያካትታል። ትምህርት ቤት የገባን ተማሪ ክፍል ማስደገምንም ይከለክላል። የእኛ ልጅ ግን ገና በሩ ላይ፣ ሳይገባ ነው የሚደግመው።

የመምህራኑ መከራከሪያ ቀላል አይደለም። የዘጠነኛ ክፍሉ አገር አቀፍ ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋውን ያልያዘ ልጅ እዚያ ይወድቃል። እውነት ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ከአራተኛ ክፍል ጋር ይቀመጥ፤ ሒሳብ ሲደርስ ደብተሩን ይዞ ወደ ሰባተኛ ክፍል ይሂድ። ይህ አዲስ ሕንፃም ሆነ በጀት አይጠይቅም፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎቹን በአንድ ሰዓት ላይ ማዋል ብቻ ነው። ክፍሉ ተጨናንቋል ለሚለውም፣ ልጁ የትም ቢቀመጥ የሚይዘው አንድ ወንበር ነው። ልጁ የሚያውቀውን በምን ቋንቋ እንጠይቀው ለሚሉ፣ ከመምህራኑ መካከል ኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱበት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የኬንያ ብሔራዊ የትምህርት ኮሚቴ የነበረው የጋቻቲ ኮሚቴ በታችኛዎቹ ክፍሎች በአካባቢው ቋንቋ ይማሩ ብሎ ከመከረ ወዲህ የሰፈሩ ቋንቋ በኬንያ ትምህርት ቤት ውስጥ ኮንትሮባንድ አይደለም።

ወላጆች፣ በጃንዋሪ ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ከወዲያ ማዶ ያመጣውን የሒሳብ ደብተር ያዙለት። በቁጥርና በምልክት ብቻ የተጻፉ አምስት ጥያቄዎች ይሰጡት በሉ፦ አንድ ክፍልፋይ፣ አንድ አስርዮሽ፣ አንድ ፐርሰንት፣ አንድ የስፋት ስሌት፣ አንድ ረዘም ያለ ማካፈል። አምስቱንም ከሠራ፣ ዩኒፎርሙን ከመግዛታችሁ በፊት በሒሳብ ለምን አራተኛ ክፍል እንደተመደበ መዝጋቢውን ጠይቁት።