እየበላች የምትከሳ ላም

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ መጽሔት ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ መኝታ ክፍሉ ጥበትና ስለ ፈተና ውጤት ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ እበት ልጽፍ ነው። የምትስቁ ሳቁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን አንብቡኝ፤ ከመካከላችን የስንቱ ደብተርና ጫማ በቅቤና በወይፈን ዋጋ እንደ ተገዛ ሁላችንም እናውቀዋለንና።

አገሬ ኩታበር ነው። አባቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያለ የሌለ ገንዘቡን አጠራቅሞ አንዲት የተዳቀለች ላም ገዛ። ሁለት ጊዜ ወልዳ ደኅና አለበችን። ሦስተኛውን በወለደች በሁለት ወሯ ወተቷ ቀነሰ፣ ተቅማጥ ያዛት። የሚገርመው ነገር መብላቱን አላቋረጠችም። ገለባውንም ፉርሽካውንም ትጨርሳለች፤ ጎኗ ግን ከሳምንት ሳምንት እየጎደጎደ ሄደ። የትል መድኃኒት ተሰጣት፤ ለጥቂት ቀን የተሻላት መሰለ። መርፌ ተወጋች፤ ተቅማጡ ቆሞ እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ ከመንጋጋዋ ሥር አበጠ። ጎረቤቱ «ዓይን በልቷት ነው» አለ። ሊያክማት የመጣው ሰው «የጉበት ትል ነው» ብሎ ሄደ። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁና ምንም አላልሁም። አባቴ በርካሽ ሸጣት። የሸጣትም ለሥጋ አይደለም፤ «አብልቼ አነሣታለሁ» ላለ ለሌላ ቀበሌ ገበሬ ነው።

ይህች ላም የዮኔ በሽታ ነበረባት ብዬ አልምልም። ደሟም እበቷም አልተመረመረም። በወሎ ደጋ የጉበት ትል የተለመደ ነው፤ እርሱም ያከሳል፣ እርሱም መንጋጋ ሥር ያሳብጣል። የማልምለው ግን አለመሆኑን ስላወቅሁ ሳይሆን ማንም ስላልጠየቀ ነው። የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ አለመጠየቅ ነው።

የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች እንዳትሰለቹኝ በሽታውን ባጭሩ ላስተዋውቅ። እ.ኤ.አ. በ1895 ዮኔና ፍሮቲንግሃም የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በጀርመን አገር፣ በድሬስደን ከተማ፣ ከስታ የሞተች የአንዲት ላም አንጀት ሲመረምሩ የነቀርሳን ባክቴሪያ የሚመስል ነገር አገኙ። የወፍ ነቀርሳ መሰላቸው። ኋላ እንደ ተረዳው ግን የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያዎች ዘመድ የሆነ፣ አንጀት ውስጥ የሚሰፍር ሌላ ፍጥረት ነው፤ ዛሬ ማይኮባክቴሪየም አቪየም ፓራቱበርኩሎሲስ ይባላል። በሽታው ደግሞ በአንደኛው ሰው ስም የዮኔ በሽታ ተብሎ ቀረ።

የሚይዘው በተለይ ጥጃን ነው። እበት የነካውን ጡት ስትጠባ፣ ከታመመች እናት እንገርና ወተት ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም ገና በማኅፀን ሳለች ይገባባታል። በትንሹ አንጀት መጨረሻ ኤም የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ ሥራቸው በአንጀት የሚያልፈውን ነገር እየቀነሱ ከበስተጀርባ ላሉት የመከላከያ ሴሎች ማሳየት ነው። ባክቴሪያው የሚገባው በዚሁ በር ነው። ከጀርባ የሚጠብቀው ማክሮፋጅ የተባለው ሴል ባክቴሪያን ውጦ በሆዱ ውስጥ ይፈጫል። ይኸኛው ግን ይዋጣል እንጂ አይፈጭም። የተቀመጠበት ከረጢት ወደ መፍጫነት እንዳይለወጥ አግዶ፣ ሊገድለው በወጣው ሴል ውስጥ ቤቱን ይሠራል።

የላሟ ሰውነት ዝም አይልም። ቲ ሊምፎሳይት የሚባሉት ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን መልእክት እየላኩ ማክሮፋጁን «በርታ» ይሉታል። የበረታው ማክሮፋጅ ባክቴሪያውን ያዳክመዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። እንዲህ ሆኖ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ዓመት ያልፋል። ጊደሯ ታድጋለች፣ ትጠቃለች፣ ትወልዳለች፤ ያያት ሁሉ ያመሰግናታል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ሚዛኑ ይዛባል። ያ መልእክት ይደክማል፤ በምትኩ በደሟ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ይበዛል። በደም የሚዞር ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ በሴል ውስጥ ለተሸሸገ ጠላት ብዙም አይጠቅምም። (መምህራን ይህን «ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው መዞር» እያሉ በሰሌዳ ላይ በሁለት ቀስት ይሥሉታል። አዳዲሶቹ ጥናቶች ነገሩ እንዲህ የተቃና እንዳልሆነ፣ በአንዳንድ ላሞች ሁለቱም ዓይነት መከላከል ጎን ለጎን እንደሚታይ ያሳያሉ። ለፈተና ግን ቀስቶቹን ሥሉ።)

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ላሟን ምን እንደሚገድላት ነው። ባክቴሪያው መርዝ ረጭቶ አይደለም። ሊከላከሉ የተጠሩት ሴሎች በአንጀቷ ግድግዳ ውስጥ ተከማችተው ግድግዳው ይወፍራል፣ እንደ ታጠፈ ወፍራም ጨርቅ ይሸበሸባል። በዚያ የወፈረ ግድግዳ ምግብ አያልፍም፤ ጭራሽ ከደሟ ፕሮቲን ወደ አንጀቷ ይንጠፈጠፋል። መንጋጋ ሥር የሚያብጠውም በዚህ ነው። ሽፍታ ሊያባርር የመጣ ሠራዊት በባላገር ቤት ሰፍሮ ጎተራውን ሲጨርስ እንደ ነበረው ማለት ነው። እየበላች የምትከሳው ስለዚህ ነው፤ ዓይን በልቷት አይደለም።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። ይህች አገር ስለ ከብት በሽታ የተማረችው ከደስታ በሽታ ነው። ከ1880 ዓ.ም. በኋላ ክፉ ቀን የተባለው ዘመን ሲመጣ ከብቱን የፈጀው እርሱ ነበር፤ በሬ ስላለቀ መሬቱ ጦም አደረ፣ ሰዉም በረሀብ አለቀ። ደስታ ግን ድምፁን አሰምቶ የሚገድል ጠላት ነበር። በቀናት ውስጥ ይገድላል፤ የተረፈው ከብት ፀረ እንግዳ አካሉን ይዞ ዕድሜ ልኩን አይያዝም። ስለዚህ ክትባቱ ሠራ፣ የደም ምርመራውም የታመነ ምስክር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። እኛም «ደም ቅዳ፣ ፀረ እንግዳ አካል ፈልግ፣ ከሌለ ነፃ ነው በል» የሚለውን ልማድ ወረስን።

በዮኔ በሽታ ይህ ልማድ ያሳስታል። ፀረ እንግዳ አካሉ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። በኤላይዛ ምርመራ ነፃ የተባለች ጊደር በአንጀቷ ባክቴሪያውን ይዛ ልትሄድ ትችላለች፤ ከመክሳቷ በፊትም በእበቷ ልትዘራው ትችላለች። ኢንተርፌሮኑን መለካት ቀደም ያለውን ዘመን ሊያሳይ ይችላል፤ እርሱ ግን ትኩስ ደም፣ ፈጣን መኪናና ላቦራቶሪ ይፈልጋል፣ ከነቀርሳ ዘመዶችም ጋር ይምታታል። እበቱን ማሳደግ ሳምንታት ብቻ ሳይሆን ወራት ይፈጃል፤ በፒ.ሲ.አር. መፈለግ ፈጠን ይላል። ማለቴ አንዲት ላም አንድ ጊዜ ተመርምራ «ነፃ» የምትል ወረቀት ብትይዝ ወረቀቱ ስለ ላሟ ብዙም አይናገርም። ሊታወቅ የሚገባው የመጣችበት በረት ነው፤ እዚያ እየበላች የከሳች ላም ነበረች ወይ? እናቷስ እንዴት ሞተች? ይህ ጥያቄ ኤላይዛ አይጠይቅም፤ ኩታበር ያለ ማንኛውም ገበሬ ግን ሊመልሰው ይችላል።

ነገሩ ከነቀርሳ ጋርም ይነካካል። የከብት ነቀርሳን ስንፈልግ በአንገት ቆዳ ላይ ሁለት መርፌ እንወጋለን፣ አንዱ ከከብት ነቀርሳ ሌላው ከወፍ ነቀርሳ የተሠራ፤ ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳውን ውፍረት ለክተን እናወዳድራለን። የዮኔ ባክቴሪያ የወፉ ነቀርሳ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ እርሱ ያለባት ላም በወፉ በኩል አብጣ እውነተኛውን ነቀርሳ ልትሸፍንብን ትችላለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጎበና አመኒና ባልደረቦቹ በመካከለኛው ኢትዮጵያ 5,424 ከብቶች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ነቀርሳ በሆልስታይኖቹ 22.2 በመቶ፣ በአበሻዎቹ 11.6 በመቶ አግኝተዋል። እንግዲህ ወተት ይጨምራሉ ብለን ወደ ደጋው የምንልካቸው እነዚያው ናቸው። ማዳቀሉ ይቅር አልልም፤ የአባቴ ቤት ወተት ያየው በእርሱ ነው። ከብት ሲመጣ ታሪኩ አብሮት ይምጣ ነው የምለው።

ይልቁንም ዛሬ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በኩታበር፣ በደሴና በኮምቦልቻ ሲያልፍ የስንቱ በረት ባዶ እንደ ቀረ፣ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ንብረትም እንደ ተዘረፈ የማታውቁ የላችሁም። ባዶው በረት የተሞላው ከየገበያው በተለቀመ ከብት ነው። ማንም እናቷን አልጠየቀም፤ በዚያ ጊዜ ማን ሊጠይቅ ይችል ነበር?

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ተቆጣኝ። «አባ ሰንጋ እያለ፣ የመኖ እጥረት እያለ፣ አንተ አምስት ዓመት ተኝቶ ስለሚኖር ባክቴሪያ ታወራለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ገበሬው ዛሬ የሚፈራው ነገ ጧት የሚገድለውን ነው። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን እስከ አሁን እንቅልፍ የሚነሣኝ ነው፦ «መርምረህ ብታገኝስ? የላሟን ዋጋ ማን ይከፍላል?»

ለዚህ የምመልሰው የለኝም ብል ይቀለኝ ነበር፤ አለኝ እንጂ። ካሣ ሳይዘጋጅ የሚደረግ ምርመራ በሽታውን ያሠራጨዋል። «ላምህ ዮኔ አለባት» የተባለ ድኃ ምን ያደርጋል? በሚቀጥለው ገበያ ይሸጣታል። አባቴ ሳይነገረው ያደረገውን ሌላው ተነግሮት በፍጥነት ያደርገዋል። ጃፓኖች እየመረመሩ የሚያርዱት ለባለቤቱ ካሣ እየከፈሉ ነው። ስለዚህ የግብርና ባለ ሥልጣኖች መጀመሪያ የከሳችው ላም በምን ዋጋ ለእርድ እንደምትገዛ ይወስኑ፤ ኪቱ ከዚያ በኋላ ይገዛ። ክትባት አለ የምትሉኝም አላችሁ። አለ፤ መክሳቱንና በእበት መዝራቱን ይቀንሳል፣ መያዝን ግን አይከለክልም፣ የነቀርሳውንም የቆዳ ምርመራ ያበላሻል። ነቀርሳ ባለበት አገር እኔ አልቸኩልበትም።

ገንዘብ የማይጠይቀው ግን ዛሬ ሊጀመር ይችላል። ጥጃዋ ከትልልቆቹ እበት ርቃ ትታሰር፤ ጡቱ ሳይታጠብ አትጥባ፤ ከምትከሳ ላም እንገር ለሌላ ጥጃ አይሰጥ። ይህን ስናገር እናቴ አየችኝና «እበቱንስ የት ልናደርገው ነው፣ ልጄ?» አለችኝ። ወለሉ የሚለቀለቀው በእበት ነው፤ እንጀራው የሚጋገረው በኩበት ነው፤ ጥጃዋም የምታድረው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ባክቴሪያው ጥላ ባለበት እበት ውስጥ ከወራት በላይ ይቆያል። በመጽሐፋችን ያለው «የጥጃ ክፍል» የተጻፈው ለሆላንድ ነው። እናቴ መልስ ያገኘችው ከእኔ ሳይሆን ከራሷ ነው፦ ኩበቱ የሚጠፈጠፍበትን ከቤቱ ኋላ አዛወረችው፣ ጥጃዋ የምትታሰርበትንም ጥግ በእበት መለቅለቅ ትታ በጭቃ አደረገችው። ይህ ይበቃ እንደ ሆነ ለማየት ዓመታት ይፈጃል።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ያች የተሸጠችው ላም የወለደቻት ሦስተኛዋ ጥጃ ቤታችን ናት። የእናቷን እንገር ጠጥታለች። ዛሬ የሁለት ዓመት ተኩል ጊደር ናት፣ አርግዛለች፣ ጠጉሯ ያብረቀርቃል። አንድ ሰው ከደሴ መጥቶ ጥሩ ዋጋ አቅርቦላታል፤ በዚያ ዋጋ ታናሽ እኅቴ ዓመቱን ሙሉ በደሴ ቤት ተከራይታ ልትማር ትችላለች። አባቴ ስልክ ደውሎ «አንተ የተማርኸው ይህን አይደለም? ልሽጣት ወይስ አልሽጣት?» አለኝ። ለገዢው ስለ እናቷ እንዲነግረው ነገርሁት። «ብነግረው ይገዛል?» አለኝ። አይገዛም።

ለጊዜው እንዲያቆያት ለምኜዋለሁ። በሚመጣው የዕረፍት ሳምንት ወደ ኩታበር ሄጄ ከእርሷና ከጎረቤቶቻችን ላሞች እበት እሰበስባለሁ፤ ከዚያም ደሴን አልፌ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ወደሚገኘው የእንስሳት ላቦራቶሪ እወስደዋለሁ፤ ሊመረምሩልኝ የሚችሉትን ያህል ይመርምሩልኝ። የየበረቱን ታሪክ የሚጽፍ ሁለት ሰው፣ አንድ የበረዶ ሣጥንና አንድ ካርቶን ጓንት ያስፈልገኛል። ከእንስሳት ሕክምና ክፍል ብቻ እንዲሆን አልፈልግም፤ ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከተንታ የመጣችሁ ከገበሬ ጋር መነጋገር ትችላላችሁ። ስማችሁን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተዉልኝ፤ መኪናው ዓርብ ከምሳ በኋላ ይነሣል።