በጎንደር ፒያሳ ስለሚሄደው እግረኛ

ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የመንግሥታቸው መናገሻ ያደረጓት ጎንደር የፈረስና የበቅሎ፣ ይልቁንም የእግረኛ ከተማ ነበረች፤ ፒያሳ የሚባለው መሐል ከተማዋ ግን የዛሬ መልኩን የያዘው ጣልያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን፣ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው የፍሎሬንስ ተወላጅ መሐንዲስ በነደፈው ፕላን ነው። ያ ፕላን ሲነደፍ ባጃጅ የሚባል ፍጥረት በዓለም ላይ ገና ስላልነበረ፣ ዛሬ በዚያው ጎዳና ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ አይሱዙውና ሕዝቡ እየተጋፋ ሲያልፍ የሚያይ ሰው ሁሉ «መንገዱ ጠበበን» ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን መንገዱ ቢሰፋ፣ አያያዙ እስካልታረመ ድረስ፣ የሰፋውን ያህል ተሽከርካሪ ቆሞ እንደሚሞላው አምናለሁ።

ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ አንድ አይሱዙ ከሱቅ ደጃፍ ቆሞ ስኳር ሲያራግፍ መመልከት ነገሩን ሁሉ ያስረዳል። ጫኝና አውራጆቹ ጆንያውን በትከሻቸው ተሸክመው ሲመላለሱ፣ በእግረኛው መንገድ ላይ ባለሱቁ ያወጣው ባልዲና ጀሪካን፣ የሊስትሮው ሣጥን፣ የቲማቲም ሻጯ ጥላ ተደርድረው ስለሚቆዩ፣ ልጇን ያዘለችው እናትና በከዘራ የሚሄዱት አዛውንት ሳይወዱ በግድ ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ፤ እዚያም ከአይሱዙው ኋላ የታገዱት ባጃጆች ክላክስ እያደረጉ፣ ቀዳዳ ያገኘው ሁሉ የተቃራኒውን አቅጣጫ ይዞ ሲሾልክ ይጠብቋቸዋል። ለመጨናነቁና ለአደጋው ለየብቻ መድኃኒት የምንፈልገው በከንቱ ነው፤ የሁለቱም መነሻ መቆሚያውም ሰዓቱም ያልተወሰነለት ተሽከርካሪ ነውና።

በእስፓኝ አገር የምትገኘው፣ ነዋሪዎቿ ከ80 ሺህ ብዙም የማይርቁት ፖንቴቬድራ ይህን ቀድማ የተረዳች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ለከንቲባነት የተመረጡት ሐኪሙ ሚጌል አንሾ ፈርናንዴስ ሎሬስ ከጥንታዊው መሐል ከተማ አላፊ አግዳሚውን መኪናና የመንገድ ዳር መቆሚያውን አስወጥተው፣ ለነዋሪውና ለዕቃ ማመላለሻ የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀሩ፤ ይህንም ያደረጉት ብዙው መኪና ወይ ከተማዋን አቋርጦ ለመሄድ፣ ወይም ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር የሚውል መሆኑን አስተውለው ነው። በእኛ ፒያሳ ማቆሚያ ፍለጋ የሚዞር የቤት መኪና ጥቂት ይሆን ይሆናል፤ ተሳፋሪ ፍለጋ ባዶውን የሚዞረው ባጃጅ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ስለ ፍጥነትም አንድ ቃል ልጨምር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ያህል ያልፋል፤ ነጂው የሚሻገረውን ሕፃን አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍም አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በ30 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ግን በደረቅ አስፋልት፣ ፍሬኑ ደኅና ከሆነ፣ በዚያው 14 ሜትር ውስጥ ፈጽሞ ይቆማል፤ ዝግተኛው ከቆመበት ቦታ ላይ ፈጣኑ ገና በሙሉ ፍጥነቱ ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ያህል ልዩነት ያለው ነገር ለነጂው በጎ ፈቃድ መተው የለበትም፤ ቀለሙ የለቀቀ ዜብራም እግረኛውን አይጠብቀውም፤ ማቋረጫው ራሱ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ቢሠራ መኪናው ወዶም ሳይወድም ይዘገያል።

ለጎንደር ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው በካህናቱ ዝማሬ፣ በምእመናኑ እልልታ ታጅበው ወደ ዐፄ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ተሽከርካሪው ለታቦቱ ክብር ከጎዳናው ገለል ይላል፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም በአስፋልቱ መሐል ያለ ስጋት ይራመዳል፤ ነጋዴውም በዚያ ሰሞን ገበያዬ ቀዘቀዘ ብሎ ሲያማርር አልሰማሁም። እርግጥ የበዓል ገበያና የዘወትር ገበያ አንድ ስላልሆኑ፣ ከዚህ ተነሥቼ ፒያሳ ዓመቱን ሙሉ ይዘጋ አልልም። ባለባጃጁም ቢሆን በብድር የገዛትን ባጃጅ እየነዳ ቤተሰቡን የሚመግብ ወጣት ነውና፣ አማራጭ ሳይሰጡ ማባረር ግፍ ነው፤ ከፒያሳ ዳርና ዳር፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ርቀት፣ ጥላና ተራ አስከባሪ ያለው መቆሚያ ሊሰጠው ይገባል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ መሥራቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ያማረ ንጣፍ ጠባቂ ደንብ ከሌለው ባልዲውና ጀሪካኑ ተመልሰው ይሰለፉበታል። የባጃጁ መቆሚያና ከፍ ያለው ማቋረጫ በጀትም ጊዜም ይፈልጋሉ። የማራገፊያ ሰዓት መወሰን ግን ከተማዋን ከደንብ በቀር ምንም አያስወጣትም፤ አይሱዙ ከጧቱ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲያራግፍ የከተማው ምክር ቤት ቢወስን፣ ባለሱቁ ለጫኝና አውራጁ የማታ ሒሳብ ጥቂት ጨምሮ ከመጪው ወር ጀምሮ ሊሠራበት ይችላል።